ቁጥር ብቻውን እርከን አይሠራም፦ የአፈር ጥበቃ ውሳኔና የቴክኒክ መረጃ በሐዲያና በከምባታ ተዳፋት

የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን በበጋው ወራት ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ተፋሰስ የሚወጣው ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዶማ ከመነሣቱ በፊት አንድ አካል መወሰን ይኖርበታል። እርከኑ ከየትኛው ማሳ ይጀመር? በአንዱ እርከንና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሜትር ይተው? ውሃው ባለበት ይያዝ ወይስ በቦይ ይሸኝ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱት አብዛኛውን ጊዜ የወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፣ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛና ከነዋሪዎች የተመረጠው የተፋሰስ ኮሚቴ ናቸው።

የውሳኔውን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በአገራችን በተለመደው የሥራ ልኬት አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ለመሥራት 150 የሰው ቀን ያስፈልጋል። በአንድ ተፋሰስ 200 ሰዎች ለ30 ቀናት ቢሠሩ የሚገኘው ጉልበት 6000 የሰው ቀን ነው፤ ይህም 40 ኪሎ ሜትር እርከን ያወጣል። ተዳፋቱ ጠንከር ካለ በአንድ ሄክታር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እርከን ስለሚያስፈልግ በአንድ ዓመት የሚሸፈነው 40 ሄክታር ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ የተፋሰስ ልማት መመሪያ አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ከአምስት ማሳዎች አራቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ለሚቀጥሉት ዓመታት መቆየታቸው አይቀርም። የተሳሳተ ማሳ ማስቀደም የብዙ ሰዎችን የአንድ ዓመት ድካም ማባከን ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የቴክኒክ መረጃ ለዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ምን እንደሚጠቅምና ጥቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከሐዲያና ከከምባታ ደጋማ ቦታዎች፣ እንዲሁም ከአጎራባቹ ወላይታ ነው።

የጠብታው ጉልበት

የአፈር መከላት የሚጀምረው ጎርፍ ሲወርድ ሳይሆን ጠብታ ሲያርፍ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የዝናብ ጠብታ በአየር ግጭት ምክንያት በሴኮንድ ከ4 ሜትር ገደማ በላይ አይፈጥንም። አምስት ሚሊ ሜትር የሆነው ግን በሴኮንድ ወደ 9 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ በ5 እጥፍ ሲያድግ ክብደቱ በ125 እጥፍ ያድጋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከክብደትና ከፍጥነት ካሬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የትልቁ ጠብታ ጉልበት ከትንሹ ከ600 እጥፍ በላይ ይሆናል። የክረምት ዶፍ ለአንድ ሰዓት ወርዶ ሳምንቱን ሙሉ ካካፋ ዝናብ የበለጠ አፈር የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ አንድ ሄክታር መሬት 12 ሺህ ቶን ውሃ ይወርድበታል። ይህ ሁሉ ውሃ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቶቹን ይበታትናል፤ ያልሰረገው ክፍል ደግሞ የተበተነውን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ዕፅዋት የሚከላከሉትም በዚሁ የፊዚክስ ሕግ ነው። ለምሳሌ የእንሰት ቅጠል ሰፊ ቢሆንም በላዩ የተጠራቀመው ውሃ ከከፍታ ትልልቅ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። ከእንሰቱ ሥር ያለው ደረቅ ቅጠልና ፍግ ነው አደጋውን የሚያበርደው። ከዚህ የምንረዳው መሬቱን የሚጠብቀው ለመሬት የቀረበ ሽፋን መሆኑን ነው።

የስድስት ቁጥሮች ብዜት

ይህን ሂደት ወደ ቁጥር ለመለወጥ አሜሪካውያኑ ዊሽማየርና ስሚዝ ዓለም አቀፍ የአፈር መከላት ቀመር የተባለውን መሣሪያ አዘጋጁ። ቀመሩ ስድስት ቁጥሮችን ያባዛል፤ እነሱም የዝናብ ጉልበት፣ የአፈሩ ተሸርሻሪነት፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ የዕፅዋት ሽፋንና የማሳ አያያዝ ናቸው። ውጤቱ ከአንድ ሄክታር በዓመት የሚከላው አፈር በቶን ነው።

የአሜሪካን እርሻ የለካ ቀመር ለኢትዮጵያ ተራራ እንዳለ ሊያገለግል አይችልም። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን አቋቋሙ። ፕሮጀክቱ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎችን ከፈተ። ከነዚህ አንዱ በወላይታ የሚገኘው ጉኑኖ ሲሆን ከሐዲያና ከከምባታ ደጋ የራቀ አይደለም። በጣቢያዎቹ 2 ሜትር ወርድና 15 ሜትር ርዝመት ባላቸው የሙከራ መደቦች ግርጌ ጋኖች ተቀብረው ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ውሃውና ደለሉ ይለካ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ቀመሩን ለኢትዮጵያ አስማምቶ አቀረበ። የዝናቡን ቁጥር ከዓመታዊ የዝናብ መጠን፣ የአፈሩን ደግሞ ከቀለሙ ማግኘት እንዲቻል አደረገ፤ ጥቁር አፈር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30 ይሰጣቸዋል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያለ ላቦራቶሪ ሊጠቀምበት የሚችል መረጃ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አሁን አንድ የታሰበ ማሳ እንውሰድ። አፈሩ ቀይ፣ ዝናቡ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር፣ ቁልቁለቱ 20 በመቶ፣ የተዳፋቱ ርዝመት 80 ሜትር ነው፤ የተዘራበት ጤፍ ሲሆን አስተራረሱ ተዳፋቱን አግድም ነው። የዝናቡ ቁጥር ዓመታዊው መጠን በ0.562 ተባዝቶ 8.12 ሲቀነስለት 666 ገደማ ይሆናል። የቀሩት በቅደም ተከተል 0.25፣ 1.9፣ 2.2፣ 0.25 እና 0.9 ናቸው። ብዜቱ በሄክታር 157 ቶን ያህል ይሰጠናል። የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1.2 ቶን ቢሆን ይህ በዓመት 13 ሚሊ ሜትር የአፈር ውፍረት ማለት ነው።

ለዚህ ማሳ ሁለት መፍትሔዎችን እናወዳድር። በመጀመሪያ በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራ የተዳፋቱ ርዝመት ቁጥር ከ1.9 ወደ 0.7 ይወርዳል፤ መከላቱም ወደ 58 ቶን ይቀንሳል። ሁለተኛ ምንም እርከን ሳይሠራ በጤፍ ፋንታ በቆሎ ቢዘራ የሽፋኑ ቁጥር ከ0.25 ወደ 0.10 ስለሚወርድ መከላቱ 63 ቶን ይሆናል። ሁለቱም ቢጣመሩ 23 ቶን ይደርሳል። የ150 ሰው ቀን ድካምና የአንድ ዘር ለውጥ ተቀራራቢ ውጤት ሰጡ ማለት ነው። እርግጥ ገበሬው ጤፍ የሚዘራው ለገበያም ለቤቱም ስለሚፈልገው ነው፤ ቀመሩ ይህን አያውቅም። ያም ሆኖ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት አማራጩ በፊቱ መቀመጥ ይገባዋል።

የቱ ማሳ ይቅደም?

በዚያው ቀበሌ ከጤፉ ማሳ ከፍ ብሎ 40 በመቶ ቁልቁለት ያለው የተጎዳ የግጦሽ መሬት አለ እንበል። አፈሩና የተዳፋቱ ርዝመት ተመሳሳይ ናቸው። ለዓይን የሚያስፈራው ይህ ገደል መሰል ቦታ ነው፤ ጎብኚ ሁሉ እርከን ይሠራበት የሚለውም እዚያ ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። የቁልቁለቱ ቁጥር 3.8 ቢሆንም የተጎዳ ሣር ሽፋን 0.05 ስለሆነ ውጤቱ 60 ቶን ገደማ ነው። ለስለስ ያለው የጤፍ ማሳ ከዚህ ከእጥፍ በላይ አፈር ያጣል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ቁም ነገር አለ። የዝናቡ ቁጥር ለሁለቱም ቦታዎች አንድ ነው። ቁጥሩ በ30 በመቶ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ ሁለቱም እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ እንጂ ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። ስለዚህ የቱ ማሳ ይቅደም ለሚለው ጥያቄ ባለሙያው ዝናብን በትክክል ለመለካት ገንዘብና ጊዜ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ቁልቁለትን፣ ርዝመትንና ሽፋንን መለካት ይበቃዋል። ጥያቄው፦ በዚህ ማሳ የሚቀረው መከላት አፈሩ ከሚተካበት ፍጥነት ያንሳል ወይ? የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁርኒ በኢትዮጵያ የአፈር መፈጠር በሄክታር በዓመት ከ2 እስከ 22 ቶን እንደሚሆን ገምቷል። ከላይ ያገኘነው 23 ቶን ከዚህ ጣሪያ ጋር የሚጎራበት በመሆኑ አነስተኛ የዝናብ ስሕተት እንኳ መልሱን ከአዎን ወደ አይደለም ሊያዞረው ይችላል። ለአንዱ ውሳኔ የሚበቃ መረጃ ለሌላው የማይበቃው በዚህ መንገድ ነው።

ቀመሩ ጨርሶ የማያየውም አለ። እያንዳንዱን ማሳ ለብቻው ስለሚያሰላ ከላይ ካለው ግጦሽ ወርዶ ጤፉ ውስጥ የሚገባውን ጎርፍ አይቆጥርም። የ2005ቱ መመሪያ የተፋሰስ ሥራ ከላይ ወደ ታች ይጀመር የሚለው ለዚህ ነው። አስተዋይ ባለሙያ ሁለቱን መረጃዎች ያጣምራል፤ ከጤፉ ራስጌ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስቆፍራል፣ ግጦሹን ለጊዜው ከልሎ ሣሩ እንዲያገግም ያደርጋል፣ የእርከኑን ጉልበት ደግሞ ለጤፉ ማሳ ያውላል።

አንድ አገር፣ ሁለት ቁጥሮች

የመረጃ ልዩነት በአገር ደረጃም ውሳኔን ሲያወዛግብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች መልሶ ማልሚያ ጥናት ከታረሰ መሬት በሄክታር በዓመት 130 ቶን አፈር እንደሚከላ ገመተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁርኒ በጣቢያዎቹ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ያቀረበው አማካይ 42 ቶን ነበር። የልዩነቱ መጠን ሦስት እጥፍ ነው።

ከማሳ የወጣ አፈር ሁሉ ከአገር አይወጣም። ከፊሉ በተዳፋቱ ግርጌ ይቀራል፣ ከፊሉ በእርከን ይያዛል፣ ቀሪው ወደ ቆላ ይወርዳል። በሻሾጎ ወረዳ የሚገኘው የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ ከሐዲያ ደጋ የሚወርደውን ውሃና ደለል ተቀባይ ነው። በደጋው ኪሳራ የሆነው አፈር ሜዳ ላይ ሲያርፍ ለም እርሻ ሊሆን፣ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውሃ መያዣውን ሊሞላ ይችላል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ዳግም ግምገማ ይህን መልሶ መደለል ግምት ውስጥ አስገብቶ በመከላት ሳቢያ የሚደርሰውን ኪሳራ ቀድሞ ከተገመተው ዝቅ አደረገው። በአንጻሩ ፍግና የሰብል ተረፈ ምርት በማገዶነት መቃጠላቸው የአፈሩን ንጥረ ነገር ክፉኛ እንደሚያሳጣ አጎላ። መልእክቱ ለውሳኔ ሰጪ ግልጽ ነው፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የማገዶ ዛፍም የአፈር ጥበቃ ሥራ ናቸው። በሐዲያና በከምባታ ፍጉ የሚደርሰው የጓሮ እንሰት አፈር ለም ሆኖ ሲቆይ ርቆ ያለው ማሳ እየደከመ የሚሄደውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የገበሬው ስሌት

የእርከን ርቀት የሚወሰንበት ሕግ አለ። ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1986 ለልማት ሠራተኞች ባዘጋጀው መምሪያ ቁልቁለቱ ከ15 በመቶ በታች ሲሆን በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ሊቆፈር የሚችለው የአፈር ጥልቀት በ2.5 እንዲባዛ ተመክሯል። በእኛ ማሳ የአፈሩ ጥልቀት 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የከፍታው ልዩነት 2 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በ20 በመቶ ቁልቁለት ላይ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ማለት ነው።

ቴክኒኩ እስከዚህ ድረስ እንከን የለበትም። ገበሬው ግን ሌላ ስሌት አለው። እርከኑ ከነቦዩ 1.5 ሜትር ወርድ ቢይዝ ከየ10 ሜትሩ 15 በመቶው ከእርሻ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ሄክታር ላለው ቤተሰብ ይህ 750 ካሬ ሜትር ነው። በሕዝብ ብዛቱ በሚታወቀውና የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች በሆነበት በዚህ አካባቢ 750 ካሬ ሜትር የወራት ቀለብ ሊሆን ይችላል። በሬ ማዞርም ይቸግራል፤ በእርከኑ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ውሃው ተኝቶ ሰብሉን ሊያሻግተው ይችላል። ሄርቬግና ሉዲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናትም የኢትዮጵያና የኤርትራ ጣቢያዎችን ውጤት መርምሮ እርከኖቹ መከላትን በእጅጉ መቀነሳቸውን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ምርትን እምብዛም አለመጨመራቸውን አሳይቷል። ገበሬው የሚናገረውን ልኬቱ አጸናው ማለት ነው።

ይህን አለመስማት ያስከተለውን ታሪክ መዝግቦታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥና ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ በብዙ ቦታ ገበሬዎች እርከኑን አፈረሱት። በመከላት ቀመር ትክክል የነበረው እርከን በባለማሳው ስሌት ኪሳራ ስለነበር አስገዳጁ ሲነሣ ሊቆም አልቻለም።

መፍትሔውም የመጣው ከዚሁ ከሁለተኛው ስሌት ነው። በከምባታ ዶዮገና እርከኖቹ ላይ የደሾ ሣር በስፋት ይተከላል። ደሾ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ቅጠሉ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል። እርከኑ የያዘው 15 በመቶ መሬት ከእንግዲህ የጠፋ መሬት አይደለም፤ የመኖ ማሳ ነው። ከብቱ ፍግ ይሰጣል፣ ፍጉ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። የእርከኑ ርቀት ሕግ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በውሳኔው ሚዛን ላይ የተቀመጠው መረጃ ነው።

ሳተላይትና ገመድ

በአሁኑ ጊዜ ባለሙያው የሳተላይት መረጃ በነጻ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር የተሠራው የራዳር ቅኝት የምድርን ከፍታ በየ30 ሜትሩ ይሰጣል። ከዚህ የአንድን ወረዳ የቁልቁለት ካርታ በአንድ ቀን ማዘጋጀት ይቻላል። ነገር ግን 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ አንድ ነጥብ በውስጡ ያለውን ገደልና ደልዳላ ቦታ አማክሎ አንድ ቁጥር ያደርገዋል። በዚህም ምክንያት አጫጭርና ቀጥ ያሉ ተዳፋቶች ከእውነታው ይልቅ ለስላሳ ሆነው ይታያሉ። የእኛ እርከኖች ርቀት 10 ሜትር መሆኑን ስናስታውስ ካርታው እርከን ለመቀየስ እንደማይበቃ ግልጽ ነው።

እርከን የሚቀየሰው ዛሬም በሁለት እንጨት፣ በ10 ሜትር ገመድና ገመዱ መሐል በተንጠለጠለ የውሃ ልክ ነው። ሦስት ሰዎች በቂ ናቸው። ካርታው ከ500 ሄክታር ውስጥ የትኞቹን ማሳዎች ሄደን እንይ ለሚለው ይጠቅማል፤ ገመዱ ደግሞ ዶማው የት ይረፍ ለሚለው። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ወይ ጊዜ ያባክናል፣ ወይ ውሃውን ባልታሰበ ቦታ አጠራቅሞ ቦረቦር ይከፍታል።

ለነገዎቹ ባለሙያዎች

እስካሁን ካየነው አንድ ነገር መጨበጥ እንችላለን። ጥሩ ባለሙያ ብዙ መረጃ የሰበሰበ ሳይሆን ከመሰብሰቡ በፊት፦ ይህ ቁጥር የትኛውን ውሳኔዬን ይለውጣል? ብሎ የጠየቀ ነው። ቁጥሩ እንዴትና በምን ስፋት እንደተለካ ያጣራል። ለማወዳደር ነው ወይስ ለመጠን የሚፈልገው የሚለውን ይለያል። በመጨረሻም በስሌቱ ውስጥ የሌለውን፣ በማሳው ላይ የሚኖረውን ሰው ሚዛን ጨምሮ ይመዝናል።

ይህን ለመለማመድ ቢሮ መግባት አያስፈልግም። በትምህርት ቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ አቅራቢያ አንድ ተዳፋት ምረጡ፤ በገመድና በውሃ ልክ ቁልቁለቱን ለኩ፤ የአፈሩን ቀለምና ሽፋኑን መዝግቡ፤ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች አባዙ። ከዚያም የመሬቱን ባለቤት ጠይቁ፤ ጎርፉ ከየት እንደሚገባ፣ የትኛው ጥግ እንደሚደክም፣ እርከን ቢሠራ ምን እንደሚያጣ ይነግራችኋል። የእናንተ ስሌትና የእሱ መልስ የተለያዩበት ቦታ ካለ ሁለተኛውን ልኬት ከዚያ ጀምሩ።